ዳንግላ ያላደረሰችው ሃይብሪድ

ሰኔ 14

መሥሪያ ቤት ዓመቱን ሙሉ የሌላውን ዕቅድና ሪፖርት ሳሳምር እውላለሁ። የራሴን ንብረት በጽሑፍ ካልተከታተልኩ ምኑን የዕቅድ ባለሙያ ሆንኩት ብዬ ይህን ደብተር ጀመርኩ። ንብረቱ መኪና ነው። ሃይብሪድ ናት፤ ግማሹን በቤንዚን፣ ግማሹን በራሷ ባትሪ ትሄዳለች። ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ደላላ "ብዙ አልተነዳችም፣ የሴት እጅ ናት፣ ነዳጅ አታውቅም" ብሎኛል።

ቀስ ስትል ድምፅ የላትም። ዛሬ ገበያው ዳር አንድ የጋሪ ፈረስ አጠገቡ እስክደርስ አልሰማኝም፤ ሲያየኝ ደነበረ። ባለጋሪው ከነዘሬ ሰደበኝ። ይስደበኝ እንጂ ዞር እያለ ማየቱን አልተወም።

ባለቤቴ ወርቅአየሁ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። በአገሩ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነውና ቀኗ ሳይደርስ ዳንግላ መግባት አለባት። ይህን ቃል ለአማቴ ለወይዘሮ ማስተዋል በሰው ፊት የገባሁት እኔ ነኝ። "በራሴ መኪና አመጣታለሁ" ነበር ያልኩት። እሳቸው "በምንም ትምጣ ልጄ፣ ብቻ በጊዜ ትምጣልኝ" አሉ። ትሕትናቸው ነው።

ሰኔ 22

ዳንግላ ደርሰን ተመለስን። አማቴ ሲሸኙን የበግ ጠጉር ባና አወጡና "እንጅባራ ብርዱ አይጣል ነው፤ ልጄን ብርድ እንዳይመታት" ብለው በመስኮት አቀበሉን። ድርብ ባና ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም።

ወርቅአየሁ የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ የፊቱ ወንበር ለነፍሰ ጡር አይሆንም ብዬ ወስኛለሁ። ከኋላ ወንበር ጎን፣ ልክ ከክንዷ ሥር፣ ወንፊት የመሰለ የፕላስቲክ ቀዳዳ አለ። ሁልጊዜ ሽው ይላል። ነፋስ ማስገቢያ መሆኑ ነው፤ ፈረንጅ ነፋስ ይወዳል። ቤት እንደገባን አሮጌ የአንገት ልብሴን ጠቅልዬ ወተፍኩበት። በላዩ ላይ ባናውን ከጥግ እስከ ጥግ አለበስኩና ዳር ዳሩን ጠቀጠቅኩት። አሁን የኋላው ወንበር አልጋ ነው የሚመስለው።

ወርቅአየሁ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ይሄ ነገር ነፋስ አያስገባም እኮ፣ ይስባል እንጂ። የነጠላዬን ጫፍ ሲውጠው ነበር" አለች። ነፍሰ ጡር ብዙ ነገር ይመስላታል። አልተከራከርኳትም።

ሐምሌ 3

ያልታቀደ ነገር ገጠመኝ። በዳንግላ መንገድ መሐል ካለችው ከአዲስ ቅዳም ስንመለስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ደከመች። ነዳጅ ስሰጣት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ድንች የጫነ የጭነት መኪና ቀድሞን አለፈ። ቀጥሎ አንድ ጋሪ ከኋላችን መጣ፤ እሱ እንኳ እንዳይቀድመን ወደ መሐል ገባሁበት።

ወርቅአየሁ ከኋላ "አፈነኝ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ" ትላለች። በዚያ ዝናብ! "ብርድ ይመታሻል" አልኳት። ላቧን በነጠላዋ ጠረገች።

ሐምሌ 4

ነጋ ቢሮ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ የምንጋራ ባልደረባዬ ነው። ነገሩን ስነግረው ሳያስብ "ከፍታው ነው" አለ። እንጅባራ ደጋ ስለሆነ ሞተር አየር ያጥረዋል አለና የመሥሪያ ቤታችንን መኪና ምሳሌ አደረገልኝ። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ከቆመች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ጎማዋ ሥር ሣር በቅሎ ባለፈው የዘበኛው በግ ሲግጠው አይቻለሁ። ለካ ከፍታው ኖሯል ያቆማት። ሐሳቡን ለማንኛውም መዝግቤዋለሁ።

ሐምሌ 8

ኪዳኑ ጋራዥ ወሰድኳት። ኪዳኑ በከተማው አንቱ የተባለ መካኒክ ነው። የኖረው በናፍጣ መኪና ነው፤ ግን "ሞተር ሞተር ነው" ይላል። ኮፈኑን ከፈተ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ብዙ አየና "የቱ ነው ሞተሩ?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ካንዴላ ቀየረ፣ ፊልትሮ ቀየረ፣ የቀየረውንም በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ዋናው ግን ቤንዚኑ ነው፤ ነጭ ጋዝ ቀላቅለው ሸጠውልሃል" አለ። ስሞክራት ትንሽ የተሻለች መሰለኝ። ኪዳኑ ከበሩ ላይ ሆኖ እያየኝ ስለነበር ይሆናል።

ሐምሌ 12

ቤንዚን ፍለጋ። ማደያው የለም ይላል፣ ሰልፉ ግን አለ። ከኋላዬ የመጣው ሰው "ምን እየጠበቃችሁ ነው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። እሱም ተሰለፈ።

ከሰዓት በጓሮ በር ጀሪካን ተገኘ። ሽታው ቤንዚን ነው፣ መልኩ ጠላ።

ሐምሌ 13

በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ ሞላሁላት። የጨርቁን ባለቤት ወርቅአየሁን አላስፈቀድኩም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ተነሣ። መኪናዋ ድሮ ከምትጠጣው እጥፍ ትጠጣለች። ነዳጅ አታውቅም የተባለችው ከእኔ በላይ አወቀችው።

ወርቅአየሁ "ሚኒባስ እኮ ቀኑን ሙሉ አለ። አንድ ቀን ማለዳ ገብቼ ልሂድ፤ እትዬ እንቁ መነኻሪያ ታደርሰኛለች" አለች። እትዬ እንቁ ጎረቤታችን ናት። ሚኒባስ! መኪና ያለው ሰው ሚስቱን በሚኒባስ ሲልክ ሰው ምን ይላል? ገና ጊዜ አለን አልኳት።

ሐምሌ 20

ኪዳኑ ከባሕር ዳር በውሰት ያስመጣውን የኮምፒውተር መመርመሪያ ሰካባት። መጀመሪያ የተነዳችበትን ርቀት አወጣ፤ ዳሽቦርዷ ላይ ከሚታየው እጥፍ ይበልጣል። ሴትየዋ፣ ያቺ የሴት እጅ የተባለችው፣ ዓለምን ስትዞር ነው የኖረችው።

ቀጥሎ "የባትሪ ሙቀት ከልክ በላይ" የሚል መጣ። እኔና ኪዳኑ ተያየን። እንጅባራ ላይ፣ በሐምሌ፣ ሙቀት! እሱ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቧል፣ እኔ ጋቢ ለብሻለሁ፣ ሁለታችንም ስንናገር ከአፋችን ጭስ ይወጣል። "ማሽኑ ለበረሃ አገር የተሠራ ነው" አለ ኪዳኑ። ተስማማሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ሁልጊዜ የሚበራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ኪዳኑ ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈበትና "አሁን አይረብሽህም" አለኝ። እውነትም ከዚያ ወዲህ አልረበሸኝም።

ማታ ለወርቅአየሁ በሳቅ ነገርኳት። አልሳቀችም።

"ባትሪው የት ነው ያለው?"

"ከኋላ ወንበር ጀርባ።"

"እኔ ከምቀመጥበት?"

"አዎ።"

"እኔም እኮ ሞቀኝ ስልህ ነበር" አለች።

ስለ መኪና ስናወራ ነገሩን ወደ ራሷ ወሰደችው። ደክሟታል መሰለኝ። ሻይ አፈላሁላት።

ሐምሌ 26

ወርቅአየሁ ከእናቷ ጋር በስልክ በአገውኛ ብዙ አወራች። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ አገውኛ አልሰማም። "ሃይብሪድ" ስትል ሰማሁ፣ "ባና" ስትል ሰማሁ፣ ስሜንም ሰማሁ። ከዚያ የአማቴ ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ለባናው ያለኝን ምስጋና እየነገረቻቸው መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"አባትሽ እኔን በፈረስ ነው ያመጣኝ፤ ግን መንገድ ላይ የፈረሱን አፍንጫ ወትፎ አያውቅም አለች።"

የድሮ ሰው ንግግር ጥልቅ ነው። ትርጉሙን በኋላ አስብበታለሁ።

ነሐሴ 3

መንገዱ ሰሞኑን ተዘግቶ ሰነበተ። ዛሬ ተከፈተ ሲባል ሻንጣዋን ጭነን ተነሣን። ወርቅአየሁ እግሯ ስላበጠ ጫማዋን አውልቃ ባናው ላይ ተቀመጠች። ከከተማ ስንወጣ ደህና ነበረች፤ መኪናዋን ማለቴ ነው። ወርቅአየሁን ገና ሳንርቅ ላብ ላብ ብሏታል።

አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ያለችው አቀበት ላይ ቀጥ አለች። ብረግጥ ብረግጥ ምንም የለም። ዝናቡ ይወርዳል። ወርቅአየሁ በሩን ከፍታ ወረደችና ጥላ ዘርግታ መንገድ ዳር ቆመች። "ግቢ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል" ብላት "ውስጥ ታፍኜ ከምሞት ውጭ ብርድ ይምታኝ" አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።

በዚህ መሐል አንድ ሚኒባስ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "ዳንግላ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" አለ። ወርቅአየሁ ሻንጣዋን ያዘችና እኔን አየችኝ። እኔ ረዳቱን "ሂድ፣ መኪና አለን" አልኩት። ረዳቱ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝናብ ላይ የቆመችውን ሴት አየ። "እሺ ጋሼ" ብሎ በሩን ዘጋ። ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር።

በሮቹ ተከፍተው ጥቂት እንደቆየን መኪናዋ ነፍስ ዘራች። የቀረን መንገድና የመጣንበት መንገድ እኩል ገደማ ነበር። ኪዳኑ ያለው ከኋላ ነውና ወደ ኋላ መለስኳት።

ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው። ኪዳኑም ብሏል። ይህን ስጽፍ እሷ ጓዳ ውስጥ ሻንጣዋን እየፈታች ነው፤ ያጠፈችውን የሕፃን ልብስ መልሳ ስታወጣ ይሰማኛል። ሚኒባሱን መመለስ አልነበረብኝም ይሆን? ግን ያ የሳቀው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያውቀኝ ቢሆንስ?

ነሐሴ 4

ኪዳኑ፣ ቤንዚኑ ነው። ነጋ፣ ከፍታው ነው። ከቢሯችን አጠገብ ያለው የባንክ ዘበኛ፣ የሰው ዓይን ነው፤ ድምፅ የሌለው ነገር ዓይን ይስባል። ሁሉንም መዘገብኩ።

ወርቅአየሁን አልጠየቅኳትም። ተኝታ ነበር።

ነሐሴ 7

ጎማ ንፋስ አስሞላሁ። ምንም።

የሞተር ዘይት ተቀየረ። ምንም።

ኪዳኑ የጭስ ማውጫውን ፈትቶ በዱላ መታው። ጥላሸት ወጣ፣ ኪዳኑ ተደሰተ፣ መኪናዋ እንደነበረችው ናት።

ነሐሴ 12

አማቴ ደወሉ፤ ዛሬ በአማርኛ፣ ለእኔ።

"ልጄ፣ መኪናው ይቆይህና ሴቲቱን ላካት። እኔ መነኻሪያ ወጥቼ እቀበላታለሁ።"

"እማማ፣ ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። አንዳንድ የአቅርቦት ችግሮች ቢያጋጥሙም በጳጉሜን መግቢያ በተያዘው ዕቅድ መሠረት እናደርሳታለን" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የማወራው?" አሉኝ። ምስጋናው ነኝ አልኳቸው። "እሱንማ አውቄያለሁ" ብለው ዘጉት። ደህና አድርጌ የመለስኩላቸው መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው ግን ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር።

ነሐሴ 19

ክትትል ወሰድኳት፣ በባጃጅ። ነርሷ "ልጁ ወርዷል፤ ከጳጉሜን አያልፍም። ዳንግላ የምትወልጂ ከሆነ አሁኑኑ ሂጂ" አለቻት። ወርቅአየሁ ስትወጣ "ሰማህ?" አለችኝ። ሰማሁ አልኳት። በመንገድ ላይ የባጃጁ ሹፌር የሃይብሪድ ነገር ያውቃል ብለውኝ ስለነበር ስጠይቀው መጣሁ። ጎማው ነው አለኝ።

ነሐሴ 25

ከቢሮ ስመለስ የመኪናዋ በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል። ባናው ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፣ የአንገት ልብሴም አጠገቡ። ሰማዩ ለአንድ ቀን ጠራ ብሎ ሁለቱ ሴቶች፣ ወርቅአየሁና እትዬ እንቁ፣ በዚያ ድርብ ባና ላይ ሲታገሉ ውለዋል። በዘጠኝ ወሯ!

"ባናው ለልጄ ነው፣ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ቀዳዳውንም ከፍቼዋለሁ" አለች። "መተንፈሻዋ ነው። ማሽኑ ሙቀት ያላችሁ ይሄንኑ ነው።"

ኪዳኑ ያልደረሰበትን እሷ ልትደርስበት! እሺ አልኳት። ነፍሰ ጡር ሴት አትጨቀጨቅም። ሲመሽ ቀዳዳውን መልሼ ልወትፈው አስቤ ነበር፤ የአንገት ልብሱ ስላልደረቀ ተውኩት።

ነሐሴ 28

ተሳካ! መኪናዋ ዳነች። በዘንገና ሐይቅ በኩል ወጥቼ ሞከርኳት፤ ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው። ነዳጁም እንደ ድሮው በልኩ ሆነ። ምክንያቱን አጥንቼ ደርሼበታለሁ፤ ጫማዬ ነው። ስልኬ ላይ አንድ ሕንዳዊ ባለሙያ ሃይብሪድ ለስላሳ እግር ይፈልጋል ሲል አይቼ ከትናንት ጀምሮ ጫማዬን ቤት ትቼ በካልሲ እየነዳሁ ነው። ይህን ሁሉ ክረምት በከባድ ጫማ ስጨቁናት ኖሬያለሁ።

ለወርቅአየሁ ስነግራት ብዙ ጊዜ አየችኝ። "በካልሲው ነው የዳነችው?" አለች። አዎ አልኳት። "እግዚአብሔር ይመስገን። በል ነገ እንሂድ።"

የዓመቱ ሪፖርት አለብኝ። በጳጉሜን መግቢያ ብለናል፣ በጳጉሜን መግቢያ እንሄዳለን። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ዳንግላ አድርሶ ይመልሰናል። ከዚያ በላይ በከተማው ውስጥ የለም፤ ማደያውም ጓሮውም ደርቋል።

ጳጉሜን 2፣ ጠዋት

ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። ወርቅአየሁን ሲነጋጋ ወገቧን ያዛት። "ዛሬ እንሂድ" አለች። እሺ። ሰው ከመጫን በፊት ግን ሙከራ የግድ ነው፤ ያ የአቀበቱ ነገር እንዳይደገም። አዲስ ቅዳም ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ለብሰሽ ጠብቂኝ አልኳት።

"አሁኑኑ ይዘኸኝ ብትሄድሳ?" አለች።

ቶሎ እመለሳለሁ አልኳት።

ጳጉሜን 2፣ አዲስ ቅዳም

ቸኩያለሁ፤ ግን ይህ ሳይጻፍ አይቀርም። መጀመሪያ ኪዳኑ ጋር ጎራ ብዬ አሳየሁት። ሻይ ጋበዘኝ፣ ስለ ካልሲው አስረዳሁት፤ ከአሁን በኋላ ለደንበኞቹ ሁሉ እንደሚነግር ቃል ገባ። ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩ።

ያቺ አቀበት! ፊት ለፊቴ አንድ ሚኒባስ እየጎተተ ይወጣል፤ ምናልባት ያኔ ሰው የሳቀብን ያው ሚኒባስ ነው። ባንድ እስትንፋስ አለፍኩት። በጎን መስታወት ሳይ ከሚኒባሱ መስኮት አንዲት ሴት ነጠላዋን አውጥታ ታውለበልብልኛለች። በዝናቡ ፊቷ አልታየኝም። ሰው ጥሩ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። ክላክስ ነፋሁላት።

ነጋ እዚህ ለሥራ መጥቶ አገኘሁት። አላመነኝም። እሱንና ሁለት የወረዳ ሰዎችን ጭኜ አቀበቷን ደጋግሜ አወጣኋቸው። በመጨረሻ "ከፍታው አይደለም ማለት ነው" አለ። ይህን ከነጋ አፍ መስማት የክረምቱ ትልቅ ውጤት ነው። አሁን ወደ ቤት።

ጳጉሜን 2፣ ማምሻውን፣ ዳንግላ

ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። እትዬ እንቁ በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለች።

"ወርቅአየሁ የት ናት?"

"ምጥ ያዛትሳ። ባልሽ የት ሄደ ብላት መኪና ሊሞክር አለችኝ። እዚሁ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ ገና ጅምር ነው፣ እናቴ ጋ እደርሳለሁ ብላ እንቢ አለች። መነኻሪያ ወስጄ ሚኒባስ ላይ አስቀመጥኳት፤ አብራት እምትሄድ ሴትም አገኘሁላት። አላገኘሃትም እንዴ? መንገዱ አንድ ነው።"

መንገዱ አንድ ነው። ነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት ነበረው። የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ በመስታወቱ ውስጥ ጥለቱን አይቼዋለሁ፣ አረንጓዴ መሆኑን አይቼዋለሁ።

ሳልወርድ ዞርኩ። አዲስ ቅዳምን አልፌ ብዙም ሳልርቅ ቤንዚኑ አለቀ። ለነጋ አቀበት ያወጣሁበት ነው። መኪናዋ በባትሪዋ ብቻ ትንሽ መንገድ ወሰደችኝ፤ ምንም ድምፅ የለም፣ ዝናቡ ብቻ። ከዚያ ቆመች። መንገድ ዳር ትቻት ወጣሁ። ጫማዬ ቤት ነው፤ በካልሲ ጭቃ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

ሚኒባስ መጣ። "ዳንግላ፣ አንድ ሰው!" አለ ረዳቱ። ገባሁ። ከኋላ፣ በሁለት ጆንያ መሐል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ መስታወቱ ላቡን ያንጠባጥባል። አፈነኝ። አጠገቤ ያለውን መስኮት ትንሽ ስከፍት አንዲት እናት "ኧረ ዝጋው ልጄ፣ ብርድ ታስመታናለህ" አሉ። ሌላው ሁሉ ተቀበላቸው። ዘጋሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወንፊቱ፣ የአንገት ልብሴ፣ ባናው። የመኪናዋን ባትሪ መተንፈሻ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ወርቅአየሁ ይስባል አለችኝ፣ ሞቀኝ አለችኝ፣ ከፍቼዋለሁ አለችኝ። የባንኩን ዘበኛ እንኳ ሰምቼዋለሁ፣ እሷን ግን አልሰማኋትም።

አማቴ ቤት ስደርስ ጎረቤት ወደ ጤና ጣቢያው መራኝ፤ በሩ ላይ አማቴ ቆመዋል። ፊቴን ሳያዩ እግሬን አዩ። "ልጄ፣ ጫማህሳ?" አሉኝ። ስለ መኪናዋ አልጠየቁም። ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ አፍሬም ነው። ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ትገባለህ አሉኝ።

ጳጉሜን 3

ጠዋት አስገቡኝ። አማቴ የሟች ባለቤታቸውን ጫማ አውሰውኛል፤ ስለሚጠበኝ እንደ ሙሽራ እየተጠነቀቅኩ ነው የምራመደው።

ወርቅአየሁ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ ክንዷ ላይ ተኝታለች፤ ቀይ፣ ትንሽ፣ ግንባሯን የቋጠረች። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። "ያጋጠሙ ችግሮች" ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

"ይቅር በይኝ፤ ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም" አልኳት።

የልጅቷን ጣቶች ስትዘረጋ ቆየች።

"ትናንት ሚኒባሱን ስታልፍ አየሁህ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ነጠላዬን ያውለበለብኩት እንድትቆም ነበር።"

"አውቃለሁ ወርቄ።"

"ክላክስ ስትነፋ ሰዎቹ ደነገጡ። 'ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚበረው?' አሉ።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ደክሟታል። "ምጥ የያዛት ሚስት ትኖረው ይሆናል አልኳቸው።"

ከዚያ ልጅቷን ወደ ጡቷ አስጠጋቻት።